ለቆራሌው እሰጥሻለሁ

ልጅ ሰርቄ አላውቅም። ይሄን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። አሮጌ ጫማ ገዝቻለሁ፣ የተሸነቆረ ድስት ገዝቻለሁ፣ አንዴ እንዲያውም ጀሞ ላይ አንዲት ሴትዮ የባሏን የመኪና ጎማ ሳያውቅ ሸጣልኝ ሰውየው እስከ መካኒሳ አባሮኛል። ልጅ ግን ወላሂ አንድም ቀን ማዳበሪያዬ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ይሄን ማስረዳት የነበረብኝ ለፖሊስ ቢሆን ኖሮ ምንኛ ደስ ባለኝ። ማስረዳት ያቃተኝ ለገዛ ልጄ ነው።

ኢድሪስ እባላለሁ፣ ሥራዬ ቆራሌው ነው። ጠዋት ባዶ ማዳበሪያ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ከመካኒሳ እነሳለሁ፣ እስከ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ድረስ በየሰፈሩ እየዞርኩ "ቆራሌው!" እያልኩ እጮኻለሁ። ሰው የሰለቸውን ያወጣልኛል፤ የውኃ ሃይላንድ፣ ጠርሙስ፣ የተቃጠለ ማንቆርቆሪያ፣ ድምፅ የከለከለ ራዲዮ። እገዛለሁ፣ ለሚፈልገው እሸጣለሁ። ድሮ "ቆርቆሮ ያለው!" ነበር የሚባለው አሉ፤ ሲጮህ ሲጮህ ቃሉ እያለቀ ሄዶ ቆራሌው ሆነ። እኔ የመጣሁት ካለቀ በኋላ ነው።

በዚህ ሥራ አስራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። በአስራ አንድ ዓመት ውስጥ ስሜን የጠየቀኝ ደንበኛ ሦስት አይሞላም። ቆራሌውን የማያውቅ ሕፃን ግን በዚህ ሁሉ ሰፈር ፈልጋችሁ አታገኙም። እናቶቻቸው ያስተዋውቁኛል። "ብላ! አትበላም? ቆይ፣ ለቆራሌው ነው የምሰጥህ!" እኔ ደግሞ መንገድ ላይ ሆኜ እሰማለሁ።

እኛ ስናድግ የሚያስፈራን ጅብ ነበር። ከወራቤ ወዲያ ባለው አገራችን ጅብ የእውነት ነው፤ ሲመሽ ይጮሃል፣ ጠዋት ዱካውን ጭቃ ላይ ታየዋለህ። ጅቡ መጣ ሲሉህ ማን እንደመጣ ታውቃለህ። አዲስ አበባ ስገባ ደግሞ ጭራቅ የሚባል ነገር ሰማሁ። ሰው በላ ነው ይላሉ፣ ያየው ግን የለም። ሰው እነዚህን ሁለቱን ካደገም በኋላ አይለቃቸውም፤ የማይጠግበውን ሰውዬ ጅብ ይለዋል፣ ጨካኙን አሠሪ ጭራቅ ይለዋል። ጅብም ጭራቅም ግን ቅር አይላቸውም፣ አይሰሙማ። የሰፈራችን ልጅ የሚፈራው ሦስተኛው ፍጡር እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ሁለት ጆሮ አለኝ።

መጀመሪያ ጊዜ ብስራተ ገብርኤል አካባቢ አንዲት እናት በሯ ላይ ጠራችኝ። ዕቃ ያላት መስሎኝ ስጠጋ የሚያለቅስ ልጇን ክንዱን ይዛ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው፣ "ና ውሰድልኝ ይሄን" አለች። ደሜ ፈላ። እኔ ምን አድርጌሽ ነው፣ ሰው አይደለሁም እንዴ፣ ብዬ ጮህኩባት። ልጁ ጩኸቴን ሲሰማ ቀጥ አለ፣ እንባውን ዋጠ፣ ወተቱን አንስቶ ጠጣ። ሴትዮዋ ሳቀች። በፌስታል ሙሉ ሃይላንድ አምጥታ "በነፃ ነው፣ ተባረክ" አለችኝ። እኔም ተቀበልኩ። ጥፋቱ እዚያች ላይ ጀመረ።

ከዚያ በኋላማ ተካንኩበት። ማዳበሪያውን በሁለት እጄ ከፈት አደርገዋለሁ። አንገቴን ወደ ውስጥ ሰደድ አድርጌ፣ ድምፄን አወፍርና "ቦታ አለ፣ አንድ ልጅ ይይዛል" እላለሁ። ከዚያ ቀስ ብዬ ቀና እልና "ማነው ምሳውን ያልጨረሰው?" እላለሁ። ልጁ አፉን ይከፍታል፣ እናቱ ታጎርሰዋለች፣ እኔ ሃይላንዴን ይዤ እሄዳለሁ። ሁሉም ደስ ይለዋል። ልጁን የጠየቀው የለም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ምን ልበላችሁ፣ እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ ዘበኛ ሲያባርርህ፣ ሰው ዕቃ ይሰርቃል ብሎ በዓይኑ ሲከተልህ የዋለ ሰው ለአንድ ደቂቃ የሚፈራ ነገር መሆን ደስ ይለዋል።

አሁን ወደ ልጄ ልምጣ። ሲሃም የመጀመሪያ ልጃችን ናት። ዓመት ከመንፈቅ ሲሆናት ባለቤቴ ሙፊዳ ወደ እኔ መጣች፣ ሕፃኗን ግን ገጠር እናቴ ጋ ተውናት። አንድ ክፍል ቤት፣ ሁለታችንም ውጭ ውለን የምንገባ፣ ምን እናድርግ። በዓመት ሁለቴ ለዒድና ለአረፋ ስሄድ ከእናቴ ቀሚስ ጀርባ ሆና ታየኛለች፣ ከረሜላውን ትቀበለኝና ትሮጣለች። በመሃል አናስ እዚሁ ተወለደ፣ እዚሁ አደገ። እሷ እዚያ አምስት ዓመት አለፋት።

ባለፈው ሐምሌ እናቴ ደወለች። ልጅቷ እህል አልበላም ብላለች፣ ከስታለች፣ እኔ አሮጊት ነኝ አልቻልኳትም፣ ናና ውሰዳት አለችኝ። ሄድኩ፣ ወሰድኳት። የእናቴን ነጠላ ጨብጣ አልለቅም ስትል ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቅቄ ነው ያነሳኋት። አውቶቡስ ውስጥ እስከ ቡታጅራ አለቀሰች። ከቡታጅራ በኋላ ዝም አለች። አሁን ሳስበው ያ ዝምታ ነው ሊያስፈራኝ የሚገባው፤ እኔ ግን ተመስገን፣ ለመደችኝ ብዬ ነበር።

መካኒሳ ቤታችን ገብታም ልማዷን አልተወችም። ሁለት ጉርሻ፣ ከዚያ አፏን ትዘጋለች። ጤና ጣቢያ ወስደናት ነርሷ መዘነቻትና ፊቷን አኮሳተረች፤ ለዕድሜዋ በጣም ያንሳል፣ በደንብ ካልበላች ታማለች አለችን። ሙፊዳ ያን ቀን መንገዱን ሙሉ አለቀሰች። እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ አንድ ነገር ይቆጠቁጠኝ ነበር። አናስ "ባባ፣ ባባ" እያለ እግሬ ላይ ይጠመጠማል። ሲሃም ግን የምትጠራኝ "እሱ" ብላ ነው። በር ስከፍት ለእናቷ "እሱ መጣ" ትላለች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንዲት ጊዜ፣ አባዬ እንድትለኝ ስል የማልገዛው ነገር አልነበረም። አረንጓዴ ሻሽ ገዛሁላት፣ ብልጭ ብልጭ የሚል ጫማ ገዛሁላት። ሻሹን አደረገች፣ ጫማውን አደረገች፣ "እሱ ነው የገዛልኝ" አለች።

ሥራዬን አልነገርኳትም። ነጋዴ ነኝ አልኳት። ማዳበሪያዬን ጓደኛዬ ኢፋ ዕቃ የሚያከማችበት ግቢ ውስጥ አስቀምጬ፣ እጄን በሳሙና ፈትጌ፣ ሸሚዝ ቀይሬ ነበር የምገባው። አፍሬ ነው። ሌላ ስም አልሰጠውም።

ሙፊዳ ጀሞ ኮንዶሚኒየም በር ላይ ጉሊት አላት፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች። አናስን በጀርባዋ ይዛ ትሄዳለች፣ ሲሃምን የሚያውሉልን ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ ናቸው። ደግ ሴት ናቸው፤ ይሄን የምለው ለይሉኝታ አይደለም። ልጅቷ ስልጥኛ እንጂ አማርኛ አታውቅም ነበር፣ በሁለት ወር ውስጥ ከእትዬ ዘነቡ አፍ ለቀመችው። ታዲያ እህል አልበላም ስትላቸው እትዬ ዘነቡ ምን እንደሚሏት መገመት ነበረብኝ። ልጄ ከተማ ገብታ መጀመሪያ ከተማረቻቸው ቃላት አንዱ እኔ ነበርኩ።

በጥቅምት አንድ ቀን እትዬ ዘነቡ ለቅሶ ስለሄዱ ሙፊዳ ሁለቱንም ልጆች ይዛ ጉሊቷ ዋለች። እኔ ይሄን አላውቅም። ሲሃም እዚያ ግቢ ካሉት ልጆች ጋር ልትጫወት ወደ ሕንፃዎቹ መሃል ገባች። በዚያው ሰዓት እኔ "ቆራሌው!" እያልኩ ከላይኛው በር ገባሁ። ሦስተኛ ፎቅ የምትኖር ጸደንያ የምትባል ደንበኛ አለችኝ፤ አራት ዓመት የሆነው ሚኪ የሚባል ልጅ አላት፣ ምግብ አልወድም ባይ። ሳህኑን ይዛ፣ ልጇን ጎትታ ደረጃው ሥር ድረስ ወረደችና ጠራችኝ። እኔም የታወቀውን ሠራሁ። ማዳበሪያውን ከፈትኩ፣ አንገቴን ሰደድኩ፣ ቦታ አለ አልኩ። የሰፈሩ ልጆች ተንጫጭተው ሮጡ። ሚኪ እየተንቀጠቀጠ አፉን ከፈተ።

ከውኃ ሮቶው ጀርባ ግን አንድ ያልሮጠ ልጅ ነበር። አረንጓዴ ሻሽ ብቻ ነው የታየኝ። ለእሷም ይድረሳት ብዬ የማዳበሪያውን አፍ ወደዚያ አዞርኩና "አንቺስ በልተሻል?" አልኩ በዚያ በወፍራም ድምፄ። ሻሹ ጥልቅ አለ። ሲሃም ነበረች፤ እኔ ግን ያን ጊዜ አላወቅኩም። ሻሹን የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ግን አረንጓዴ ሻሽ በአገሩ ስንት አለ።

ያን ቀን ማታ ሲሃም ራቷን ጨረሰች። ሙፊዳ ሳህኑን አንስታ ለእኔ በዓይኗ አሳየችኝ፣ ሁለታችንም እንዳናስደነግጣት ዝም አልን። በማግስቱም ጨረሰች። በሳምንቱ ሳትጠየቅ ትቀመጥ ጀመር። ደስታችንን አትጠይቁኝ። እትዬ ዘነቡ ለገብርኤል ተስዬላት ነው፣ ሰማኝ አሉ፤ እኔ የለም የአዲስ አበባ አየር ነው አልኩ፤ ሙፊዳ ሁለታችሁም ተዉት የኔ ወጥ ነው ብላ ሳቀች። ጤና ጣቢያ ነርሷ ዳግም መዘነቻትና ጎበዝ አለቻት። እኔ ለኢፋ፣ ለሱቁ ባለቤት፣ ለታክሲ ረዳቱ ሳይቀር ልጄ በላች እያልኩ አወራሁ።

ግን የሆነ ነገር ልክ አልነበረም። ስትበላ የምታየው ሳህኑን አይደለም፣ እኔን ነው። ስትጨርስ ሳህኑን ለእናቷ አትሰጥም፤ ወደ እኔ አዘንብላ ባዶነቱን ታሳየኛለች። ላቅፋት ስነሳ አትሸሽም፣ ግን ሰውነቷ ድርቅ ይላል፣ እንደ እንጨት ነው የምታነሳት። የባዶ ውኃ ሃይላንድ ባየች ቁጥር ታነሳና ጫማዬ አጠገብ ትደረድረዋለች። እኔ ቂሉ ደግሞ እንዴት ያለች ሥርዓት ያላት ልጅ ናት እላለሁ።

እሁድ ምሳ ላይ ነው ሁሉም የወጣው። ሙፊዳ ማካሮኒ ሠርታለች። አናስ ጥርስ እያወጣ ስለነበር ፊቱን አዞረ፣ አልበላም አለ። ሙፊዳ ውኃ ልትቀዳ ወጣ ስትል ሲሃም የወንድሟን ሳህን ወደራሷ ሳበች፣ በሁለት እጇ ወደ አፏ ትጠቀጥቅ ጀመር። ጉንጯ እስኪወጠር፣ ዓይኗ እስኪፈጥ። ተይ ስላት ባሰባት። ጨረሰችና ሁለቱንም ሳህን ወደ እኔ አዘነበለች፣ ከዚያ እዚያው ምንጣፉ ላይ አስመለሳት። ቁጡ ሰው ነኝ፣ ደነገጥኩ ማለት ተቆጣሁ ማለት ነው። ምን ሆነሽ ነው የሕፃን ምግብ የምትበዪው ብዬ ጮህኩ።

አፏን በእጇ ጀርባ ጠረገች። "እንዳትወስደው ብዬ ነው" አለችኝ።

ሙፊዳ ጆጉን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች። ማን ነው የሚወስደው፣ የት ነው የሚወስደው፣ ብዬ ጠየቅኩ፣ ግን እየጠየቅኩ ገብቶኛል። ፊቷ ቁጭ አልኩ። ጀሞ እንዳየችኝ ነገረችን። ማዳበሪያ ይዤ ነበር፣ ልጁ አለቀሰ፣ በልተሻል ወይ ብዬ ጠየቅኳት፣ ያን ቀን አልበላችም ነበር። የነገረችን እያለቀሰች አይደለም። ትምህርት ቤት የተማረችውን እንደምታነበንብ ነው የነገረችን።

ጫማዬን እንኳ በደንብ ሳላደርግ እትዬ ዘነቡ ቤት ሄድኩ። ከምስጋና ሌላ ተናግሬያቸው የማላውቀውን ሴት አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ ተናገርኳቸው። ልጄን መረዙብኝ አልኩ፣ ጭራቅ አደረጉኝ አልኩ። እትዬ ዘነቡ ምስር እየለቀሙ ነበር፣ አላቋረጡም። እሳቸውን እናታቸው በጭራቅ አስፈራርታ እንዳሳደገቻቸው፣ እሳቸውም ልጆቻቸውን እንዲሁ እንዳሳደጉ፣ ማንም እንዳልሞተ ነገሩኝ። ከዚያ ሰፌዱን አስቀመጡና ቀና አሉ።

"እኔ ያስፈራራኋት በአፌ ነው፣ ኢድሪስ" አሉ። "ማዳበሪያውን ከፍተህ ያሳየሃት አንተ ነህ።"

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእኔ ደግሞ የአፍ ብቻም አልነበረ።

ታዲያ ቁጡ ሰው ሲፀፀትም ይቸኩላል። ወዲያው ኢፋ ግቢ ሮጥኩ፣ የቅዳሜውን ማዳበሪያ ሳልፈትሽ ተሸክሜ መጣሁ። አሳያታለሁ አልኩ። ውስጡ ያለውን በዓይኗ ካየች ያበቃል፣ ብረትና ፕላስቲክ ነው፣ ሌላ ምን አለ። ግቢው መሃል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሲሃምን ፊት ለፊቴ አቁሜ ማዳበሪያውን ገለበጥኩት። ሃይላንድ ተንከባለለ፣ የብረት ቁርጥራጭ ወረደ፣ ክዳን የሌለው ጀበና፣ የገመድ ጥቅል። "አየሽ?" አልኳት። "አየሽ፣ ምንም የለም።" የማዳበሪያውን ቂጥ ይዤ አንዴ አራገፍኩት። መጨረሻ ላይ አንዲት ጫማ ወደቀች። የልጅ ጫማ፤ ቀይ፣ የእጄን መዳፍ የምታክል፣ ማሰሪያዋ የተበጠሰ።

ሲሃም ጫማዋን አየች። ከዚያ እኔን አየች። "ልጁስ?" አለችኝ።

አስረዳኋት። ልጁ ቤቱ ነው ያለው፣ እግሩ አድጎ ጫማው ጠበበው፣ እናቱ ሸጠችልኝ አልኳት። አንድ ጫማ ብቻ ለምን ትሸጣለች ብላ አልጠየቀችኝም፣ እኔ ነኝ በሆዴ የጠየቅኩት። እሷ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ከብረቱ መሃል አነሳች፣ አቧራዋን በቀሚሷ ጠረገች፣ አጥሩ ሥር ፀሐይ በሌለበት ለብቻ አስቀመጠቻት። በማግስቱ ጠዋት ያ ብልጭ ብልጭ የሚለው ጫማዋ ጠፋ። ሙፊዳ ቤቱን ስታምስ ፍራሽ ሥር፣ በእናቷ ሻሽ ተጠቅልሎ አገኘችው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚሉት፣ ያኔ ነው ሥራዬን በሙሉ ላሳያት የወሰንኩት። ሙፊዳ ተው አለችኝ፣ ቀስ በቀስ ትረሳዋለች አለች። እኔ ግን አንድ ቀን ከጎኔ ከዋለች፣ ሰው ዕቃ ሲሰጠኝ፣ እኔ ከፍዬ ስቀበል ካየች፣ ልጅ የሚባል ነገር በዚህ ሥራ ውስጥ እንደሌለ ይገባታል ብዬ ድርቅ አልኩ። ማክሰኞ ጠዋት ቁርሷን ጠራርጋ በላች፣ እጄን ያዘችና ወጣን።

መጀመሪያ ሁለት ሰፈር ላይ አንገቷን ደፍታ ነበር የምትሄደው። በር በተከፈተ ቁጥር ከእኔ ኋላ ትሆናለች፣ የሚወጣውን ዕቃ ሰረቅ አድርጋ ታያለች። አንዲት አሮጊት የዘይት ጀሪካን አወጡ፣ ከፈልኳቸው፣ ልጅቷን አይተው ሙዝ ሰጧት። አንድ ጎረምሳ የተሰበረ የላፕቶፕ ቻርጀር ሸጠልኝ። ማንም ልጅ አላወጣም። ቀስ በቀስ እጇ እጄ ውስጥ ላላ። ወደ ጀሞ መታጠፊያው ስንደርስ እኔ "ቆራሌው!" ብዬ ስጮህ ከታች አንድ ቀጭን ድምፅ "ቆራሌው" አለ። ዝቅ ብዬ አየኋት። ፈገግ አላለችም፣ ግን ደገመችው። ምን ልበላችሁ፣ ልቤ ልትወጣ ደረሰች። በቃ፣ አለቀ፣ ተገላገልን አልኩ። ጮክ ብዬ ሳቅሁ፣ ሱቅ በር ላይ የተቀመጡ ሰዎች ዞረው እስኪያዩኝ።

ሕንፃዎቹ መሃል ገባን። ገና ሁለተኛውን ሳናልፍ ጸደንያ ከደረጃው ሥር ጠራችኝ። ሳህን ይዛለች፣ ሚኪ እግሯ ሥር ተቀምጦ አፉን በሁለት እጁ ሸፍኗል።

ይሄ ልጅ ዛሬም አስቸገረኝ፣ ማዳበሪያህ ባዶ ነው አይደል፣ አለችኝ እየጠቀሰችኝ። እኔ ቆምኩ። ሲሃም እንድትሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ቃል በቃል፣ "እኔ ልጅ አልወስድም። ወስጄም አላውቅም። ልጅሽን በእኔ አታስፈራሪው!" አልኳት። ተቆጥቼ ነበር፣ አልዋሽም። አስራ አንድ ዓመት የዋጥኩት ሁሉ አብሮ ነው የወጣው፣ ግድግዳው አስተጋባው።

ጸደንያ አልከፋትም። አዲስ ጨዋታ ያመጣሁላት መስሏት አፏን ይዛ ሳቀች፣ ጎንበስ ብላ ለልጇ "ሰማህ? ዛሬ ደግሞ ተቆጥቷል" አለችው። ሚኪ ማልቀስ ጀመረ። እኔ ምን ብዬ እንደማስረዳት ቃል ስፈልግ እጄ ባዶ መሆኑ ታወቀኝ። ሲሃም ለቃኝ ሄዳለች።

ልጁ ፊት ቁጢጥ አለች። እጆቹን ከአፉ ላይ በቀስታ፣ አንድ በአንድ አነሳችለት። ጮክ ብላ አልተናገረችም፣ እንደ ትልቅ እህት ነው የነገረችው።

"ቶሎ ብላ" አለችው። "እኔ በልቼ ነው የተረፍኩት።"

ሚኪ አያት፣ እኔን አየኝ፣ አፉን ከፈተ። ጸደንያ ማንኪያውን ከተተች። ዋጠ። ሌላም ከተተች። ወይኔ ጎበዝ፣ እንዴት ያለች ልጅ ናት፣ እያለች ሳህኑ እስኪያልቅ አጎረሰችው፤ ሲሃም ደግሞ በየጉርሻው አንገቷን ትነቀንቅለት ነበር። ሳህኑ ባዶ ሲሆን ተቀብላ ወደ እኔ አዘንብላ አሳየችኝ። ጸደንያ ያንተ ናት እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። የኔ ናት አልኩ። ሴትዮዋ ደረጃው ሥር ያስቀመጠችውን ሃይላንድ በፌስታል አምጥታ ለሲሃም አስያዘቻት፣ ሳመቻት፣ እግዜር ይስጥሽ አለቻት። ልጄ ፌስታሉን ይዛ መጣች፣ ሃይላንዶቹን አንድ በአንድ ማዳበሪያዬ ውስጥ ጨመረች። የማዳበሪያውን አፍ የያዝኩላት እኔ ነኝ።

ከግቢው ወጣን። "ቆራሌው" ብዬ መጮህ አልቻልኩም። የሙፊዳ ጉሊት ከሩቅ መታየት ሲጀምር ሲሃም እጄን ጎተት አደረገችኝ።

"አባዬ" አለች።

ቆምኩ። ከሐምሌ ጀምሮ የጠበቅኳት ቃል ናት። ማዳበሪያውን ከትከሻዬ አውርጄ ፊቷ ተንበረከክሁ፣ አቤት ልጄ አልኳት።

"አያቴ ጋ አልበላም ብዬ ነው አይደል የወሰድከኝ?" አለችኝ። "አሁን እኮ ሁሉንም እበላለሁ። ትመልሰኛለህ?"

እጄን አልለቀቀችም። ፊቴን እያየች መልሴን ትጠብቅ ነበር።